ከአማን እስከ ማሻ፦ የደን፣ የአፈርና የሙቀት ሒሳብ

በነሐሴ 2019 በኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲው ፖል ፓልመር የሚመራ የተመራማሪዎች ቡድን አንድ ጥናት አሳተመ (ዓ.ም. ካልተባለ በቀር እዚህ የምጠቅሳቸው ዘመኖች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ጎሳት የተባለው የጃፓን ሳተላይትና ኦኮ-2 የተባለው የአሜሪካ ሳተላይት ከጠፈር ሆነው በአየር ውስጥ ያለውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለክተዋል፤ ቡድኑም ልኬቱን ይዞ ጋዙ ከየትኛው ምድር እንደተነሣ አሰላ። ከምድር ወገብ በስተሰሜን ያለው ሞቃታማው የአፍሪካ ክፍል በ2015 ወደ 5.4 ቢሊዮን ቶን፣ በ2016 ደግሞ ወደ 6 ቢሊዮን ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለቋል የሚል ግምት ላይ ደረሱ። ምንጩ ፋብሪካ ወይም መኪና ሳይሆን ዕፅዋትና አፈር ነው። ልቀቱ እጅግ ከበረታባቸው ሁለት ቦታዎች አንዱ የሞቃታማው አፍሪካ ምዕራባዊ ክፍል ነው። ሁለተኛው ምዕራብ ኢትዮጵያ ነው።

ከቦንጋ ወደ ሚዛን ተፈሪና አማን፣ ከዚያም ወደ ቴፒ በመኪና ያለፈ ሰው ይህን ሲሰማ ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም። በአገራችን የቀረው ሰፊ የዝናብ ደን ያለው በዚያው ነው። ካፋና ያዩ በ2010፣ ሸካ በ2012፣ ማጃንግ በ2017 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ተመዝግበዋል። ታዲያ የአገሪቱ ሳንባ እያልን የምንጠራው ምድር እንዴት በካርቦን ለቃቂነት ተጻፈ? ጥናቱ ራሱ ፍንጭ ሰጥቷል፤ እነዚህ አካባቢዎች አፈራቸው ብዙ ካርቦን ያከማቸ፣ የመሬት አጠቃቀማቸውም በእጅጉ የተለወጠ ነው ብሏል። ያ ለውጥ ምን እንደነበር ለማወቅ ከመቶ ዓመት በላይ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። ቅድሚያ ግን ደንና አፈር ሙቀት ሲነካቸው ምን እንደሚሆኑ እንይ።

ቅጠል ቀን ቀን በፀሐይ ብርሃን ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከአየር እየወሰደ ስኳር ይሠራል። ዛፉ ከዚያ ስኳር ከፊሉን ግንድ፣ ቅርንጫፍና ሥር ያደርገዋል፤ ከፊሉን ለኑሮው ያቃጥለውና ጋዙን መልሶ ያስወጣል። ማስወጣቱ ሌሊትም አይቆምም። የረገፈው ቅጠልና የወደቀው ግንድ ደግሞ ለፈንገስና ለባክቴሪያ ቀለብ ነው፤ እነሱም በልተው ጋዝ ይለቃሉ። ደን ካርቦን ሰበሰበ የሚባለው በዓመቱ መጨረሻ ገቢው ከወጪው ሲበልጥ ብቻ ነው። እስካሁን በዓለም ደረጃ ገቢው ይበልጣል፤ የሰው ልጅ ከሚለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ 30 በመቶ ያህሉን የሚወስዱልን የየብስ ዕፅዋትና አፈር ናቸው። የላይኛው አንድ ሜትር አፈር ብቻውን 1,500 ቢሊዮን ቶን ገደማ ካርቦን ይዟል። በአየሩና በዕፅዋቱ ሁሉ ያለው ተደምሮ እንኳ ይህን አያህልም።

ሙቀት ግን ገቢውንና ወጪውን እኩል አይነካም። አፈሩ እርጥበት እስካለው ድረስ ሙቀቱ 10 ዲግሪ ሲጨምር የብስባሴው ፍጥነት በግምት እጥፍ ይሆናል። ቅጠል በበኩሉ ልክ አለው፤ ከልኩ ሲያልፍ ውኃ እንዳያባክን የመተንፈሻ ቀዳዳዎቹን ይዘጋል፣ ስኳር መሥራቱም ይቀንሳል። በ2020 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት በሞቃታማው ዓለም ያሉ 590 የደን ናሙና ቦታዎችን አወዳድሮ፣ በሞቃቱ ወር የቀኑ ከፍተኛ ሙቀት 32.2 ዲግሪን ሲያልፍ ደኑ የሚይዘው ካርቦን በፍጥነት እንደሚያሽቆለቁል አሳየ። በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ የአፈሩን ነገር ይነግረናል። ፓናማ ውስጥ በባሮ ኮሎራዶ ደሴት የደን አፈርን በ4 ዲግሪ አሙቀው ለሁለት ዓመት ሲለኩ፣ ከአፈሩ የሚወጣው ጋዝ በ55 በመቶ ጨመረ።

ይህን ወደ አገራችን እንመልሰው። የብሔራዊ ሜትሮሎጂ ኤጀንሲ በ2007 ባወጣው ሰነድ የኢትዮጵያ ዝቅተኛ ሙቀት፣ ማለትም በአብዛኛው የሌሊቱ፣ በየአሥር ዓመቱ በ0.37 ዲግሪ እየጨመረ መምጣቱን ገልጿል። ለእኔ ከቀኑ ሙቀት ይልቅ ይህ አሳሳቢ ነው፤ ሌሊት ለዛፍ ወጪ እንጂ ገቢ የለውም። በታንዛኒያ የተደረገ ጥናት የሌሊቱ ሙቀት በ1 ዲግሪ ሲጨምር የአረቢካ ቡና ምርት በሄክታር 137 ኪሎ እንደሚቀንስ አስልቷል። ቡና ከሌሎች ዛፎች ቀድሞ ስሜቱን ይናገራል እንጂ፣ ሌሊቱ የሞቀው ለጎረቤቶቹ ለቀረሮውና ለዋንዛውም ጭምር ነው።

በሸካ ደን ውስጥ ጎንበስ ብሎ የረገፈውን ቅጠል በእጁ የገለጠ ሰው ይህን ሒሳብ በዓይኑ ያየዋል። ከላይ ያለው ቅጠል ገና ቅርፁን አልለቀቀም። ከሥሩ ያለው ረጥቦ እርስ በርሱ ተጣብቋል፤ ነጭ የፈንገስ ክር ሰፍቶታል። ሌላ ጣት ያህል ዝቅ ሲባል ቅጠል መሆኑ ቀርቶ ጥቁር፣ ልም ያለ፣ በቀጫጭን ሥሮች የተያዘ አፈር ይሆናል፤ ሲነኩት ቀዝቃዛ ነው። ያ ቅዝቃዜ ከላይ ከተደራረበው ጥላ የመጣ ነው። ከደኑ ወጥቶ ከጥቂት ዓመታት በፊት ወደ ተመነጠረ ማሳ ለተሻገረ ሰው መሬቱ ይሞቃል፣ ቀለሙም ወደ ቀይ ይሄዳል። ደን ሲቆረጥ ካርቦን ሁለት ጊዜ ይወጣል የሚባለው ለዚህ ነው። መጀመሪያ ግንዱ ይነድዳል ወይም ይበሰብሳል፤ ቀጥሎ ፀሐይ ያገኘው አፈር በዝግታ፣ ለዓመታት ያለውን ይለቃል።

ወደ ታሪኩ እንግባ። በ1897 የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር የካፋን መንግሥት አሸንፎ ንጉሡን ጋኪ ሸሮቾን ማረከ። በዓመቱ ራስ ወልደ ጊዮርጊስ በደቡብ ምዕራቡ አገር አቋርጠው እስከ ሩዶልፍ ሐይቅ፣ ማለትም እስከ ዛሬው ቱርካና ሲዘምቱ ሩሲያዊው መኮንን አሌክሳንደር ቡላቶቪች አብሯቸው ሄዶ መጽሐፍ ጻፈ። ከዚያ በኋላ የመጡት አሥርተ ዓመታት ለአካባቢው ሕዝብ የመከራ ዘመን ነበሩ። ጦርነት፣ ገባርነትና የባሪያ ፍንገላ አገሩን አራቆቱት፤ በማጂ ተቀምጠው የነበሩ የእንግሊዝ ቆንስሎች ሰው አልባ ስለሆኑ መንደሮች ጽፈዋል። ሰው የለቀቀው ማሳ በዚህ ዝናብ ዓመት ሳይሞላው ዳዋ ይለብሳል፣ በአሥርና በሃያ ዓመት ብሳናና ዋንዛ ያቆማል፣ ቆይቶም ጥቅጥቅ ደን ይሆናል። በካርቦን ሒሳብ ብቻ ቢታይ ይህ ገቢ ነው። የሰው እጅ ያልነካው እያልን የምናደንቀው አንዳንዱ ጫካ የሰው መንደር የነበረ መሆኑን ማሰብ ያሳዝነኛል። ብዙ ካርቦን የያዘ መሬት ሁሉ ደስ የሚል ታሪክ አለው ማለት አይደለም።

ሌላው ደን ግን የቆመው ሰዎች ስላቆሙት ነው። በሸካ ዴዶ የሚባሉ የተከበሩ ቦታዎች አሉ፤ በውስጣቸው ዛፍ አይቆረጥም። ኮቦ በሚባለው ወግ ደግሞ የጫካው ክፍል የቀፎው ባለቤት ለሆነው ቤተሰብ የሚታወቅ ነው፤ ቀፎ የሚሰቀልበትን ትልቅ ዛፍ መጣል ማሩን መጣል ስለሆነ ዛፉ ለትውልድ ይቆያል። ቡና፣ ኮረሪማና ጥምዝ ከሥር፣ ማር ከላይ ይለቀማል። ሥርዓቱ ሲዘረጋ ስለ ካርቦን ያሰበ ሰው አልነበረም። ውጤቱ ግን ዛሬ በብዙ ሚሊዮን ብር ከሚታቀደው የደን ፕሮጀክት የሚያንስ አይደለም።

በ1930ዎቹ ከማጂ ወገን የጌሻ ቡና ዘር በእንግሊዙ ቆንስል በዋሊ በኩል ወጣ። በኬንያና በታንጋኒካ አልፎ በ1953 ኮስታሪካ ገባ፣ ከዚያም ፓናማ። በ2004 ላ ኤስሜራልዳ የተባለው የፓናማ እርሻ በውድድር አሸንፎበት ስሙ ዓለምን ናኘ። ከእኛ ደን ጥላ የወጣ ዛፍ የከበረበት ያ አገር፣ ቀደም ብዬ ያነሣሁት የአፈር ሙከራ የተካሄደበትም ነው። በ1964 እና 65 የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት የቡና ልዑክ በደቡብ ምዕራቡ ጫካ እየዞረ የዘር ናሙና ሰበሰበ። የውጭው ዓለም የፈለገው ዘሩን ነበር፤ ዘሩን ያቆየውን ጥላ የለካ አልነበረም።

በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ አደረገ። ገባርነትን የሻረው ይኸው አዋጅ በጫካው ላይ የነበረውን የልማድ ይዞታም አናጋ፤ የኮቦው ጌታ በሕግ ፊት ማንም ሆነ። ቀጥሎ የመንግሥት እርሻ መጣ። ከሚዛን ብዙም ሳይርቅ ያለው በበቃ የቡና ልማት 10 ሺህ ሄክታር ገደማ የሚሸፍን ግዙፍ እርሻ ሆነ፤ በቴፒም እንዲሁ ተተከለ። በበቃ በ2013 ወደ ግል ባለቤትነት ተዛውሯል። በእነዚህ እርሻዎች ቡናው ጥላ አለው፣ ከሩቅ ሲታይም አረንጓዴ ነው፤ ከሥሩ የነበረው የዛፍ፣ የሐረግና የቁጥቋጦ ድርብርብ ግን የለም።

በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ወደ 600 ሺህ ሰው ተነሥቶ ወደ ምዕራቡና ደቡብ ምዕራቡ ሰፈረ። ሰፋሪውን መውቀስ ግፍ ነው፤ ረሃብ አሳድዶት፣ ብዙውም ሳይጠየቅ ተጭኖ የመጣ ነው። የማያውቀው ደን ውስጥ ወርዶ የሚያውቀውን አረሰ፤ በቆሎና ማሽላ ደግሞ ፀሐይ ይፈልጋሉ። ከ1990ዎቹ ጀምሮ ባለሀብት መጣ። በሸካ የጌማድሮ ቡናና የጨዋቃ ሻይ እርሻዎች ደን ተመንጥሮላቸው ተተከሉ፤ መልካ ማኅበር በማስረሻ ፈጠነ አርታኢነት ስለ ሸካ ደኖች ባሳተመው መጽሐፍ ጉዳቱን ለሕዝብ አቅርቧል። ነገሩ በአንድ ወገን ብቻ ሲሄድም አልነበረም። በ1996 ፋርም አፍሪካ በቦንጋ የጀመረው አሳታፊ የደን አስተዳደር ነዋሪው ጫካውን በውል ተረክቦ እንዲጠብቅና እንዲጠቀም አደረገ፤ በኋላም በሸካና በቤንች ማጂ ተስፋፋ። ነገሩን ቀረብ ብሎ ላየው፣ አሮጌው ኮቦ በማኅተም ተመልሶ መጣ ማለት ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ምን ያህል ደን ጠፋ? ለረጅም ጊዜ ከትምህርት ቤት እስከ ጉባኤ የተደጋገመው መልስ ከመቶ ዓመት በፊት የአገሪቱ 40 በመቶ በደን የተሸፈነ ነበር፣ አሁን 4 በመቶ እንኳ አልቀረም የሚል ነበር። የታሪክ ተመራማሪው ጄምስ ማካን በ1990ዎቹ የዚህን አኀዝ ዱካ ተከትሎ፣ አንዱ ሌላውን እየጠቀሰ የገነነ እንጂ የተለካ ነገር እንዳልሆነ አሳየ። በ2015 ደግሞ መንግሥት የደንን ትርጉም አሻሻለ፤ ከግማሽ ሄክታር ያላነሰ፣ ዛፉ ቢያንስ 2 ሜትር፣ የቅጠሉ ጥላ ከመሬቱ 20 በመቶ የሚሸፍን ሁሉ ደን ተባለ። በዚህ ሲቆጠር የአገሪቱ ደን ከ15 በመቶ በላይ ሆነ። አንድም ዛፍ ሳይጨመር ነው። ለካርቦን ሒሳብ ሽፋን ብቻውን አይበቃም የምለው ለዚህ ነው፤ ሁለት ሜትር የሆነ የቆላ ቁጥቋጦና 50 ሜትር የሚደርስ ቀረሮ በአንድ ስም ተጠርተው አንድ ሒሳብ ውስጥ ይገባሉ።

ትክክለኛው ሒሳብ በዛፍ ነው የሚጀምረው። አንድ ቀረሮ የያዘውን ካርቦን ለማወቅ መጣል አያስፈልግም። ባለሙያው ከመሬት 1.3 ሜትር ከፍ ብሎ ግንዱን በሜትር ይጠመጥማል፤ የሥሩ ክንፍ ከዚያ በላይ ከወጣ ከክንፉ በላይ ይለካል። ቁመቱን ራቅ ብሎ በመሣሪያ ያነባል፣ የእንጨቱን እፍግታ ከሠንጠረዥ ይወስዳል። እንጨቱ መካከለኛ ክብደት ያለው፣ የግንዱ ወርድ ከዳር እስከ ዳር 1 ሜትር፣ ቁመቱ 40 ሜትር የሆነ ዛፍ ለሞቃታማ ደን በሚሠራበት ቀመር ሲሰላ ከመሬት በላይ ያለው ደረቅ ክብደት 10 ቶን ያህል ነው። ከዚህ 47 በመቶው፣ 4.7 ቶን፣ ካርቦን ነው። ተቃጥሎ ከኦክስጅን ጋር ሲዋሐድ 17 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል፤ ይህም ከ7,000 ሊትር በላይ ቤንዚን ሲቃጠል የሚለቀቀውን ያህላል። በአንድ ከሰዓት በኋላ በሞተር መጋዝ የሚወድቀው ይህ ነው።

እንዲህ ባለው መንገድ በ12 የአፍሪካ አገሮች፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ፣ በተራራማ ደኖች የተለኩ 226 ናሙና ቦታዎች ተሰብስበው ውጤቱ በ2021 ኔቸር በተባለው መጽሔት ወጣ። አማካዩ ከመሬት በላይ ብቻ በሄክታር 149 ቶን ካርቦን ሆነ። የዓለም የአየር ንብረት ሳይንቲስቶች ለእንዲህ ዓይነቱ ደን ሲጠቀሙበት የኖሩት መነሻ አኀዝ 89 ቶን ነበር። የደጋና የወይና ደጋ ደናችን እስከዚያ ድረስ ከዋጋው በታች ሲቆጠር ኖሯል ማለት ነው። ከዚያ አንድ ዓመት ቀድሞ በዚያው መጽሔት የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ፣ የአማዞን ደን ካርቦን የመውሰድ አቅም ከ1990ዎቹ ጀምሮ ሲወርድ፣ ያልተነኩት የአፍሪካ ደኖች ግን እስከ 2015 ባሉት ሠላሳ ዓመታት ሳይወላውሉ እንደወሰዱ፣ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ብቻ የመድከም ምልክት እንዳሳዩ ጽፏል።

ከእግር ሥር ሲለካ ደኑ ካርቦን ሲይዝ፣ ከጠፈር ሲታይ ምድሩ ካርቦን ሲለቅ፤ ሁለቱ እንዴት ይታረቃሉ? በ2023 ቤንጃሚን ጎቤርና ባልደረቦቹ በናሳ የአየር ምርምር አውሮፕላን ከ2016 እስከ 2018 በአትላንቲክ ላይ የተለካውን አየር ከሳተላይቱ ግምት ጋር አስተያዩ። ከአፍሪካ የሚነፍሰው አየር ያን ያህል ትርፍ ጋዝ አልያዘም፤ የሞቃታማው አፍሪካ ገቢና ወጪ ተቀራራቢ ሆኖ ተገኘ። ይህ ፓልመርን ዋሾ አያደርገውም። የሚያሳየው ከ700 ኪሎ ሜትር ከፍታ በሚያይ ዓይን ላይ ምን ያህል መንጠልጠላችንን ነው። የአፍሪካ የመሬት ላይ መለኪያ ጣቢያዎች ቁጥር ከስፋቷ ጋር ሲተያይ እጅግ ጥቂት ነው። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ይባላል፤ ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ በሚዛን፣ በቴፒና በአማን ግቢ ከፍቶ በዚህ ደን መካከል ተቀምጧል፣ ጅማ ዩኒቨርሲቲና የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከልም ሩቅ አይደሉም። ቀን ወደ ደኑ የገባውን፣ ሌሊት ከደኑ የወጣውን ጋዝ በየደቂቃው የሚመዘግብ ግንብ በእነሱ እጅ በሸካ ደን ላይ ቢቆም፣ ምዕራብ ኢትዮጵያ ምን እንደምትተነፍስ ከኤዲንብራ መስማት አይጠበቅብንም ነበር።

ከሳተላይት የሚሰወር ሌላም ነገር አለ። ገበሬው የጫካ ቡናውን ምርት ለመጨመር ሥሩን ይመነጥራል፤ ችግኙን፣ ሐረጉን፣ መካከለኛውን ዛፍ ያወጣና ትልልቆቹን ለጥላ ይተዋል። ከላይ የሚታየው አክሊል አልተነካም፣ ካርቦኑም ለጊዜው አለ። ነገር ግን ሰሳው ወይም ቀረሮው አርጅቶ ሲወድቅ የሚተካው ልጅ የለውም። በደቡብ ምዕራብ በተደረጉ የደን ጥናቶች የታየው ይኸው ነው፤ ምንጠራው በበረታበት ጫካ ወጣቱ ዛፍ ይመናመናል። በዚህ ላይ የሳሳው ጥላ ብዙ ፀሐይ ያስገባል፣ አፈሩ ይሞቃል፣ ብስባሴው ይፈጥናል። ገበሬው ለቡናው ብርሃን ሲል ያደረገው ነገር በሚሞቀው ዘመን ቡናውን የሚጎዳ ይሆናል።

ቡናውስ ወዴት ይሄዳል? በ2017 ታደሰ ወልደማርያም ጎሌና ሰብስቤ ደምሰው የተሳተፉበት ጥናት ምንም እርምጃ ካልተወሰደ አሁን ቡና ከሚበቅልበት የኢትዮጵያ መሬት ከ39 እስከ 59 በመቶው በዚህ መቶ ዓመት መጨረሻ ለቡና የማይመች ሊሆን እንደሚችል ገመተ። ይኸው ጥናት ቡና ወደ ከፍታው ቢወጣና ደን ቢጠበቅ ግን ለቡና የሚመች መሬት ከአራት እጥፍ በላይ ሊሰፋ እንደሚችል አክሏል። በእኛ አካባቢ ከፍታው የት እንደሆነ ይታወቃል። ከቴፒ 1,200 ሜትር ገደማ ተነሥቶ ወደ ማሻና አንድራቻ ወደ 2,000 ሜትርና ከዚያም በላይ ይወጣል፤ የእንሰት፣ የቀርከሃ፣ የኮሶና የረግረግ አገር ነው። እዚያ ቅዝቃዜው ብስባሴን ስለሚያዘገይ አፈሩ ከቆላው አፈር የበለጠ ካርቦን አከማችቷል፤ ስለዚህም ጥላውን ቢያጣ የሚለቀው ብዙ ነው።

ቡና ሙቀቱን ሲሸሽ ወደዚያ መውጣቱ አይቀርም፤ አንዳንዱ ገበሬ ለእህል ብቻ ያውለው በነበረ ደጋ ጓሮው ላይ መሞከር ጀምሯል። ልዩነቱ የሚመጣው ከሚተከልበት ቦታ ነው። ቀድሞ በተራቆተ ማሳና በባሕር ዛፍ ቦታ ላይ ዋንዛ፣ ሰሳና ብርብራ ለጥላ ተተክለው ከሥራቸው ቡና ቢገባ፣ ያ መሬት አሁን ከያዘው የበለጠ ካርቦን ይይዛል። ቀርከሃውና የደጋው ደን ተመንጥሮ ቢገባ ግን የቆመው እንጨት በአንድ በጋ፣ የአፈሩ ክምችት ደግሞ በተከታዮቹ ዓመታት ይወጣል። ቡና ፍሬ ለመስጠት ከሦስት እስከ አራት ዓመት ይበቃዋል፤ ጥላው ግን ከዚያ አስቀድሞ መተከል አለበት። እስካሁን በየወረዳው የሚፈላው የቡና ችግኝ ነው፤ ከማሻ በላይ ለሚተከለው ቡና የሚሆን የጥላ ዛፍ ችግኝ ከአሁኑ መፍላት አለበት፣ የሚተከልበት የተራቆተ መሬትም ቡናው ከመድረሱ በፊት በካርታ ላይ ተለይቶ መታወቅ ይኖርበታል።